ተራው የታንጉት ቤት ነው

አስካለች ከበዴሳ ወጥታ ወላይታ ሶዶ ስትገባ ይዛ የመጣችው አንድ ፌስታል ልብስና አንድ ውሸት ነበር። ውሸቱ አጭር ነው። ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ከዳሞት ወይዴ» ትላለች። ዳሞት ወይዴ እውነት ነው፤ በዴሳ ያለችበት ወረዳ ነው። ገበሬው ግን የለም። አባቷም እናቷም፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትም ሁሉ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው።

ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ይሄ ምኑ ያስዋሻል ይል ይሆናል። እዚያ ያደገ ሰው ግን አይጠይቅም። እናቷ ታንጉት የሠራችው ድስት በመንደሩ ቤት ሁሉ ይጣዳል፤ ታንጉት ግን ወደዚያ ቤት አትገባም። የታዘዘችውን ተሸክማ ስትደርስ አጥር ጋ ታስቀምጣለች። የቤቱ እመቤት ወጥታ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ትሰማና፣ ያልተሰነጠቀ መሆኑን ስታረጋግጥ ይዛው ትገባለች። ታንጉት ውሃ ከጠማት እጇን እፍኝ አድርጋ ትዘረጋለች፣ ከላይ ይፈስላታል። ኩባያ አይሰጣትም። ትንሿ አስካለችም ከእናቷ ጎን ቆማ በእጇ ጠጥታለች። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብትጠይቅ እናቷ ዝም ብላ እንድትጠጣ ነገረቻት። ትምህርት ቤት ስትገባ ምክንያቱን ልጆቹ ነገሯት። «ጭናሻ» አሏት፤ ሸክላ ሠሪውን ሁሉ በአንድ ላይ የሚጠሩበት፣ ሲጠሩትም ከንፈራቸውን የሚያጣምሙበት ስም ነው። ምሳውን ከእሷ ጋር የሚቆርስ ልጅ አልነበረም።

ሶዶ ይሄ ሁሉ የለም፤ ወይም ያለ አይመስልም። ሰዉ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም በራሱ ጉዳይ ይሮጣል። አስካለች ገበያ ውስጥ ጎመንና ስኳር ድንች መሸጥ ጀመረች። ሚልክያስ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ደንበኛዋ ሆነ፣ ቆይቶም ባሏ ሆነ። እሱም ከቢጠና በኩል የመጣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ይሄን የነገራት ከመጋባታቸው በፊት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽታ እንዳለበት ሰው ነበር። እሷም የራሷን ነገረችው። ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ምስጢሩን ለሁለት ይጠብቁት ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን ታንጉት ልጇን ልታይ ሶዶ መጣች። ለወትሮው አስካለች ናት ወደ በዴሳ የምትሄደው። ታንጉት ግን ናፍቋት ነው መሰል፣ ጥቂት ድስቶችና ገንቦዎች በገመድ አስራ በጀርባዋ አዝላ፣ ከሚኒባስ ወርዳ እየጠየቀች ገበያው ውስጥ ዘለቀች። እግሯ አቧራ ነው፤ በጥፍሯ ሥር የደረቀ ጭቃ አለ። ልጇን ከሩቅ ስታያት ፊቷ ሙሉ ፈገግታ ሆነ። ከአስካለች ጎን ሽንኩርት የምትሸጠው መሲ ይቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ጠየቀች።

«ሰፈራችን እየመጣች እንስራ የምትሸጥ ሴትዮ ናት» አለች አስካለች።

ታንጉት ሰማች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ገዢ ጎንበስ ብላ ጎመኑን አገላበጠች፣ ትኩስ መሆኑን ጠየቀች፣ ደህና ዋሉ ብላ ወደ መጣችበት ተመለሰች። ገመዱ ትከሻዋን ቆርጦት እንደነበር አስካለች ከኋላዋ አየች። አልተጣራችም። ከዚያ ቀን ወዲያ ታንጉት ገበያው ድርሽ አላለችም።

አስካለች ቤተ ክርስቲያን መሄድ አላቋረጠችም ነበር። እናቷም የበዴሳው የወንጌላውያን አጥቢያ አባል ስለሆነች በመዝሙር ነው ያደገችው። ነገር ግን ጥምቀት ሳትወስድ ከአገር ወጥታ በዚያው ቀርታለች። ሚልክያስ ተጠምቋል፤ እሷን ደግሞ አንቺስ መቼ ነው እያለ ይነዘንዛታል። በመጨረሻ ተመዘገበችና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ ለጥምቀት የሚሰጠውን ትምህርት ጀመረች።

አስተማሪዋ እህት ምሕረት ነበረች። ከሰኞ እስከ ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች። ልጆቿን አድርሳለች፤ ድምፅዋ ያለ ማይክ አዳራሹን ይሞላል። ክፍሉ ድብልቅ ስለሆነ በአማርኛ ታስተምርና ነገሩ ጠበቅ ሲል በወላይትኛ ትደግመዋለች። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ነርስ ነበረ፤ የዩኒቨርሲቲ ጸሐፊ ነበረች፤ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶችና የባጃጅ ሹፌሮች ነበሩ። ምሕረት አንድ አመል አላት። ማንኛውንም ትምህርት ስትጨርስ መጽሐፉን አጥፋ «እሺ፣ ይሄ ነገር ሰኞ ጠዋት ምን ያደርጋል?» ትላለች። የማይመልስ አይወጣም። በቃል ማጥናት ለእሷ ምንም አይደለም። ነርሱ ስለ ትዕግሥት በተማሩ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት አስታማሚዎችን እንደማይቆጣ ተናገረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተቆጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ማክሰኞ ላይ ተቆጥቻለሁ አለ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ምሕረት ደግሞ እንግዲህ ከማክሰኞ ቀጥል አለችው።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ፍጥረት ነበር። ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩን አስካለች ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የማያውቀው የለም። ምሕረት ግን ነገሩን ቀስ አድርጋ ተናገረችው። ብርሃን ይሁን ብሎ በቃል የፈጠረ አምላክ ሰው ላይ ሲደርስ አፈር አነሳ አለች። ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ፣ ከጭቃ አበጀው።

አስካለች ጭቃ ማበጀት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይለቀማል። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የተሰበረ ገል ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ይገባበታል። ክንድ እስኪዝል ይታሻል። ሲቀረጽ ትንፋሽ ይያዛል። እጅ የገባበትን ነገር ሰው አይረሳውም፤ እናቷ ገበያ መሀል ቆማ የዛሬ ስንት ዓመት የሠራችውን ድስት ታውቀው ነበር። እጇን አወጣች።

«ታዲያ እግዚአብሔር ሸክላ ሠሪ ነው ማለት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ምሕረት አልሳቀችም። «ነው» አለች። «ሌላ ምን ይባላል?»

ያን ቀን ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ዳሞታ ተራራ ራሱ ላይ ጉም ጠምጥሟል። ሚልክያስ ባጃጁን አቁሞ ግቢ ሲላት እምቢ አለች። አስባ አልጨረሰችም ነበር።

ትምህርቱ ቀጠለ። ጸጋ ምን እንደሆነ ተማሩ፤ ሰው በዘሩም በሥራውም ሳይሆን በነፃ መቀበሉን። አስካለች ይሄንንም በመዝሙር ስታዜመው ነው ያደገችው፣ ግን ነፃ ማለት እናቷ ጋም ይደርሳል ብላ አስባ አታውቅም። ስለ መስቀሉ ሲማሩ፣ ሰው ራሱን ካጠራ በኋላ ሳይሆን እንደቆሸሸ መወደዱን ስትሰማ፣ ገበያ መሀል የተናገረችው ቃል ተመልሶ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ምሕረት ሰኞ ጠዋትን ስትጠይቅ አስካለች መልስ እየፈለገች ሌላ ሌላ ነገር ትላለች፤ ከጎረቤት እታረቃለሁ፣ ሚዛን አስተካክላለሁ። እውነተኛውን መልስ ግን አታወጣውም።

ስለ አንድ አካል የተማሩ ለት ግን አልቻለችም። አማኞች ሁሉ አንድ አካል ናቸው፤ እጅ እግርን አታስፈልገኝም ሊለው አይችልም። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀረች። ምሕረት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የቆሎ ሳህን ወደ እሷ አስጠጋችና ሁለቱም እየዘገኑ ማውራት ጀመሩ። አስካለች አንገቷን ደፍታ ነገረቻት። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን፣ ሶዶ ስትገባ የያዘችውን ውሸት፣ እናቷን ገበያ ላይ ምን ብላ እንዳስተዋወቀቻት፣ ሁሉንም። ቀና ስትል ቆሎ ሊዘግን የሄደው የምሕረት እጅ ሳህኑ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ቆሟል።

ለአፍታ ሁለቱም እጁን ተመለከቱት።

«እጄ ቆመ» አለች ምሕረት። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ትልቅ አልነበረም። «አይተሻል፤ አላየሽም ብዬ አልዋሽሽም። እናቴ እንደዚህ ነው ያሳደገችኝ። ይሄን ትምህርት ግን ዓመት ዓመት አስተምረዋለሁ።» ከዚያ እጇን ወደ ሳህኑ ከተተች፣ አስካለች ከዘገነችበት ቦታ ሙሉ እፍኝ አነሳችና በላች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔም ሰኞዬ ዛሬ ሆነ» አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አወሩ። ምሕረት ሌላ ነገር ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ወደ እናቷ እንድትሄድ መከረቻት። አስካለችም ምክሩ ሳይነገራት ልቧ በዴሳ ደርሶ ነበር።

በሚኒባስ በዴሳ ወረደች፤ ከዚያ በሞተር እስከ መንደሩ ሄደች። ታንጉት ጓሮ ተቀምጣ ጭቃ እያሸች ነበር። ልጇን ስታይ ተነስታ እጇን በቀሚሷ ልትጠርግ ስትል አስካለች ቀድማ ተንበረከከችና ጭቃ የሆነውን እጇን ያዘች።

«አዬ፣ ያን ቀን ካድኩሽ» አለች። አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። «እናቴ ናት ማለት አቃተኝ። ይቅር በይኝ።»

ታንጉት ልጇን ቀና አድርጋ ፊቷን አየች። ይቅር እንዳለቻት በዚያው ታወቀ፤ ገበያውን የራቀችው ከቂም ሳይሆን ከሐዘን ነበር።

«እኔን የከፋኝ ስለካድሽኝ አይደለም» አለች። «እኔ አንቺን ብሆን እንደዚያው እል ነበር። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»

አስካለች እናቷ ፊት ተቀምጣ ለብዙ ዓመት ያልነካችውን ጭቃ ማሸት ጀመረች። እየሠሩ፣ ምን እንደተማረች ነገረቻት። አፈር ስላነሳው አምላክ ስትነግራት ታንጉት ሥራዋን አቁማ ደግማ እንድትነግራት ጠየቀች። ዕድሜ ልኳን ጸሎት ቤት ስትመላለስ ሰምታው ነበር፤ እንዲህ ግን አልሰማችውም። ቆይታ እሷም የማታወራውን አወራች። የጌታ እራት ሲወሰድ ጽዋው እሷ ጋ የሚደርሰው ሁሉም ከጠጡ በኋላ ነው፤ መጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጠውም ለዚያ ነው። የሰፈሩ የጸሎት ሕብረት በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከጎረቤቷ ከወሰንየለሽ ቤት ይነሳና የታንጉትን ቤት ዘልሎ ማዶ ይሻገራል። ማንም ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ይዘላል፣ በቃ።

አስካለች እጇን ታጥባ በቀጥታ ወደ ጋሽ ደገፉ ቤት ሄደች።

ጋሽ ደገፉ የአጥቢያው ሽማግሌ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አባቷ የሞተ ጊዜ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። በደስታ ተቀበላት፣ ስለ ሶዶ ጠየቃት። እሷም ቆማ፣ የሚቀጥለው የጸሎት ተራ ለእናቷ ቤት እንዲሰጥ ጠየቀች። ጋሽ ደገፉ ጢሙን ዳበሰ። ሐሳቡ መልካም መሆኑን፣ ነገር ግን ሕዝቡ ገና ዝግጁ አለመሆኑን፣ የሰው ድካም መታየት እንዳለበት፣ ቀስ በቀስ እንደሚሻል በረጅሙ አስረዳት።

«ጋሼ» አለች አስካለች፣ «ጌታ እርስዎን የተቀበለዎት ቀስ በቀስ ነው?»

ሰውዬው እጁን ከጢሙ ላይ አወረደ። እሷም ድምፅዋን አላነሳችም። ማንንም ልትከስ እንዳልመጣች፣ የፈለገችው ተራ ብቻ እንደሆነ፣ እናቷ እያረጀች መሆኗን ነገረችው። እጸልይበታለሁ አላት። አስካለች ይሄ ቃል ብዙ ጊዜ እምቢታ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ደህና ይዋሉ ብላ ወጣች። ሶዶ እስክትደርስ ፍርሃትና ደስታ እየተፈራረቁባት ሄደች። ከተማሩት ነገር ውስጥ አንዱን በእግሩ አቁማ መንገድ ላይ እንዳራመደችው ተሰማት።

የጥምቀቱ እሑድ ደረሰ። በሶዶው አጥቢያ ተጠማቂ ሁሉ ውሃ ከመግባቱ በፊት በጉባኤው ፊት ይመሰክራል። አስካለች እናቷን አስመጥታ ነበር። ጋሽ ደገፉም፣ ታንጉት የበዴሳው አጥቢያ ሰው ስለሆነች፣ አጅቧት መጣ። መሲም ከገበያ ተጋብዛ ከኋላ ተቀምጣለች። ነርሱ መሰከረ፣ ጸሐፊዋ መሰከረች። የአስካለች ተራ ሲደርስ ተነስታ ፊት ቆመች። ሚልክያስ ከፊት ሆኖ ያያታል፤ የምትናገረው ምስጢር የእሱም ነው፣ ማታ ተነጋግረው እሺ ብሏታል።

«እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ» አለች። «እናቴ ያቺ ናት፣ ነጠላዋን ያጣፋችው። አንድ ቀን ገበያ ላይ አላውቃትም ብያለሁ። ጌታ ግን እኔን አላውቃትም አላለም። ዛሬ እሱን ጌታዬ፣ እሷን እናቴ ብዬ እመሰክራለሁ።»

 ከዚያ ከኋላ አንድ እልልታ ተነሳ፤ መሲ ነበረች። እልልታው እስከ ፊት ወንበር ተዛመተ። ሚልክያስ ከመቀመጫው ተነስቶ እሱም ከቢጠና ሸክላ ሠሪዎች መወለዱን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቆሞ ተናገረ። ታንጉት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ታለቅሳለች። አስካለች ውሃ ገብታ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው የእናቷን ፊት ነበር፣ ነጠላው ተገልጦ።

ገበያ ላይ ወሬው ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ፊታቸውን ያዞሩ ደንበኞች ነበሩ፤ ሌላ ቦታ ጎመን እንዳለ ያወቁት በዚያ ሳምንት ነው። መሲ ግን ምሳ ሰዓት ላይ እንጀራዋን ይዛ መጣችና ከአስካለች ሰሃን ላይ ደረበችው። ለምን እስከዛሬ ሳትነግራት እንደቀረች ጠየቀች፤ መልሱን ሳትጠብቅ መብላት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ታንጉት ስልክ ደወለች። ከጥምቀቱ ሲመለሱ ጋሽ ደገፉ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጠ። በዴሳ ሲወርዱ ዕቃዋን ተቀበላትና፣ የሚመጣው ሐሙስ ጸሎቱ የእሷ ቤት እንደሚሆን ነገራት። ታንጉት ስታወራ ድምፅዋ የልጃገረድ ነበር። ምን ላብላቸው፣ የት ላስቀምጣቸው እያለች ትጨነቃለች።

አስካለችና ሚልክያስ በዋዜማው ሄዱ። ቤቱ ተለቀለቀ፣ ምንጣፍ ተበደሩ። ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር ተቀቀለ፤ ቆጮ በቅቤ ተለወሰ፤ ዳታ ተፈጨ፣ ያ ዓይን የሚያስለቅሰው የወላይታ ቃሪያ። ሚልክያስ አንድ ነገር አሳሰበው። ሰዉ ድስቷን በቤቱ ቢጥደውም፣ በእሷ ቤት ከሸክላዋ መብላት ይከብደው ይሆናል፤ ከበዴሳ የብረት ሳህን ተከራይተው ቢያመጡ አይሻልም ወይ አለ። አስካለች ልትስማማ ምንም አልቀራትም።

«አይሆንም» አለች ታንጉት። «ሊበሉ ከመጡ ከእጄ ይብሉ።»

ለሐሙሱ ብላ ሳትሸጥ ያቆየቻቸውን አዳዲስ ወጭቶች አውጥታ በተራ ደረደረቻቸው። ጥቁርና አንጸባራቂ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ እህት ምሕረት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ከሶዶ መጣች። ሰዓቱ ደረሰ። ሰው መምጣት ጀመረ፤ ግን አጥሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እየበዙ ሄዱ፣ አጥሩ ጋ እንደቆሙ እርስ በርስ ይተያያሉ። ወሰንየለሽም መጥታለች፤ የታንጉትን ድስት ዕድሜዋን ሁሉ ያበሰለችበት ጎረቤት። አንዱ ሰው እዚሁ ሆነን እንጸልይ ሲል ተሰማ። ታንጉት በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም ታያለች። አስካለች የእናቷን ክንድ ያዘች፤ የሚደርስባት ውርደት ከሆነ ሁለቱም ላይ እንዲደርስ።

ጋሽ ደገፉ ኮቱን ለብሶ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ መጣ። ሰዉ ገለል ገለል አለለት። አጥሩ ጋ ቆመ፣ ሁሉንም አየ፣ አልገሠጸም። ባርኔጣውን አወለቀና ገባ። በሩ ላይ ሲደርስ ታንጉትን ሰላም አላት፤ እንደ አማኝ ለአማኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ባለቤቱ ገባች፣ ከዚያ ሁለት ወጣቶች፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ እግሩን እየጎተተ። ጥቂቶች ዞረው ሄዱ። ወሰንየለሽ አልሄደችም፣ አልገባችምም።

ዘመሩ፣ ጸለዩ። ጋሽ ደገፉ እንዲያስተምር ተጠበቀ። መጽሐፉን ገለጠ፣ ትንሽ አየው፣ መልሶ ዘጋው።

«ስለ አንድ አካል ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ» አለ። «ዛሬ ልበላ ነው የመጣሁት።»

ታንጉት ውሃ ይዛ መጣች። እጁን አስታጠበችው። ወጭቱን አቀረበች። ሁሉም እጁን ያያሉ። ጋሽ ደገፉ ባርኮ፣ ቦዬውን ቆርሶ ዳታው ውስጥ ነከረና ጎረሰ። አላመጠ። ደገመ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ በጢሙም ላይ ወረደ።

«ዳታው ነው» አለ፣ በእጁ ጀርባ እየጠረገ።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ታንጉትም ሳቀች፣ በሳቁ መሀል እጆች ወደ ወጭቶቹ ተዘረጉ። ምሕረት ለጎኗ ሰው ታጎርሳለች። ሚልክያስ ቆጮ እየጨመረ ማዳረስ አቃተው። አስካለች ቤቱ መሀል ቆማ የምታየውን ማመን ተሳናት። አዳራሽ ውስጥ በመጽሐፍ የተማረችው ነገር እዚህ ከሸክላ ይበላል፣ ጣት ይልሳል፣ ድገሙኝ ይላል።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ወሰንየለሽ ናት። መግቢያው ላይ ጥቂት አመነታች።

«ታንጉት» አለች፣ «ለእኔ አላስቀረሽልኝም?»

ታንጉት ተነሳች። እጇን ይዛ አስገባቻት፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት፣ ከራሷ ወጭት በእጇ አጎረሰቻት።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ዞረው ከሄዱት ውስጥ ዛሬም ያልተመለሱ አሉ። ጸሎቱ እነሱ ጋ ሲደርስ በራቸው ይዘጋል፣ ሕብረቱም ሳይቀየም ያልፋል። ግን በሚቀጥለው የጌታ እራት ጽዋው በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ዞረ፤ ታንጉት መሀል ወንበር ላይ ነበረች፣ ከእሷ ቀጥሎ የጠጣችው ወሰንየለሽ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ የሸክላ ሠሪ ቤቶችም ተራ ጠየቁ፣ ተሰጣቸውም።

አስካለች አሁን ገበያ ላይ ከጎመኑ ጎን የእናቷን ድስቶች ደርድራ ትሸጣለች። ቅዳሜ ደግሞ ምሕረትን ታግዛለች፤ የፍጥረትን ትምህርት እሷ ናት የምትሰጠው፣ በወላይትኛም በአማርኛም። ስትጨርስ ሰኞ ጠዋትን ትጠይቃለች፤ ተማሪዎቹ ይፈሯታል ይባላል።

ሐሙስ ሲሆን፣ ሥራ ካልያዛት፣ ወደ በዴሳ ትወርዳለች። ባለፈው ወር የሄደች ለት ተራው ከመንደሩ ጫፍ፣ ከወንዙ ማዶ ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ ሰዉ በአንድነት እየዘመረ ተመለሰ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ማሳው በቆሎ ነው። ከፊት እየመራች፣ እያጨበጨበች፣ ግጥሙን የምታወርደው ታንጉት ነበረች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ዜማውንም ትስታለች። ሕዝቡ ግን ከኋላዋ እኩል ይቀበላታል፤ አስካለችም ከሕዝቡ መሀል ሆና፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ትቀበል ነበር።